የ«ፕሮቪዳንስ» ፈረስ ነጂና የቦዩ መንገደኞች

ዲዚ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከኤፔርኔ ከተማ ማዶ፣ በማርን ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በዙሪያዋ ያለው ኮረብታ ሁሉ ወይን ነው፤ ያውም ሻምፓኝ የሚጠመቅበት ወይን። ከቪትሪ ለ ፍራንሷ ተነሥቶ ማርንን ጎን ለጎን እየተከተለ የሚመጣው 67 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦይ ከወንዙ ጋር የሚገናኘው እዚህች መንደር ላይ ነው። ዛሬ በዚህ ቦይ ላይ የሚታዩት በአብዛኛው የሽርሽር ጀልባዎች ናቸው። እንዲህ ባሉት የፈረንሳይ ቦዮች ላይ ድሮ እህልና ከሰል ይጫንበት የነበረው የጀልባ ሆድ ተጠርጎ፣ መኝታ ክፍልና ምግብ ቤት ሆኖ፣ ጥቂት ባለገንዘቦች አንድ ሳምንት ሙሉ ወይን እየቀመሱ በእግረኛ ፍጥነት ይንሸራሸሩበታል። ወደ ደቡብ በቡርጎኝም እንደዚሁ ነው። የጉብኝት ድርጅቶች የሚያሳትሙትን ወረቀት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለገበያ የቀረበው ዕቃ ዝግታ ነው። ችኮላ ለሰለቸው ሰው ዝግታ ይሸጥለታል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

እኛ በዚህ እትም ልናነሣው የፈለግነው መጽሐፍ የሚጀምረው እዚያው ዲዚ ላይ ነው። ደራሲው ቤልጅጉ ዦርዥ ሲምኖን ነው፤ መጽሐፉ በ1931 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የታተመው «የፕሮቪዳንስ ፈረስ ነጂ» ነው፤ መርማሪው ኮሚሴር ሜግሬ ነው። ይህን ርእስ መምረጣችንን የሰሙ ጓደኞቻችን ሣቁብን። «ፖሊስና ነፍሰ ገዳይ! ይኸ ደግሞ ለሒስ ይበቃል?» አሉን። ይበቃል እንላለን። ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ሁሉ በጅምላ እየተጣለ፣ ልብ የማያንጠለጥለው ሁሉ በጅምላ «ቁም ነገር» እየተባለ የሚመዘንበት ልማድ ይብቃ። ደግሞም በዚህ መጽሐፍ ላይ የምናቀርበው ቅሬታ አለን፤ ቅሬታው ታላላቅ የሚባሉትን ድርሰቶችም፣ በዚሁ ወረቀት ላይ እኛው የምናወጣቸውንም አጫጭር ልቦለዶች የሚነካ ነው።

በቅድሚያ ታሪኩን። ገዳዩን ሳንናገር ሒሱን ማድረስ ስለማንችል፣ ጨርሶ ያላነበበና ማንበብ የሚሻ ካለ ከዚህ ላይ ያቁምና መጽሐፉን ይፈልግ፤ አጭር ናት፣ በአንድ ሌሊት ታልቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ አያባራም። በዲዚው የውሃ በር አጠገብ አንዲት ካፌ አለች፤ ካፌዋ ጋጣ አላት። በጋጣዋ ያደሩ ሁለት ፈረስ ነጂዎች ሌሊቱ ሳይነጋ ለመንገድ ሲሰናዱ ከገለባው ሥር የሴት ሬሳ ያገኛሉ። ሴትዮዋ ታንቃ ነው የሞተች። ልብሷም ጌጧም ከፋንድያና ከገለባ ጋር አይሄድም። ሜግሬ ይመጣል። ጥቂት ቆይቶም «ሳውዘርን ክሮስ» የሚባል ያማረ የመዝናኛ ያክት ብቅ ይላል። ባለቤቱ ሰር ላምፕሰን የሚባል፣ በሕንድ ጦር ያገለገለ ጡረተኛ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው። ሟቿ ሚስቱ ናት። እሱ ግን አያለቅስም፤ ውስኪውን ይጠጣል። ያክቱ ላይ ከሱ ጋር አንድ ሥራው የማይታወቅ ዊሊ የሚባል ጎረምሳ፣ አንዲት ወይዘሮ፣ አንድም ቭላዲሚር የሚባል ሩሲያዊ መርከበኛ አሉ። ከፓሪስ ተነሥተው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር እየወረዱ ነው። የሚያስቸኩላቸው ጉዳይ የለም። እንግዲህ የዛሬዎቹ ሽርሽረኞች አያቶች እነዚህ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በዚያው ውሃ ላይ ደግሞ «ፕሮቪዳንስ» የምትባል የጭነት ጀልባ ትሄዳለች። ፕሮቪዳንስ በቤተ ክህነት አነጋገር «መግቦት» የምንለው ነው፤ አምላክ ፍጥረቱን የሚመግብበትና የሚጠብቅበት። ጀልባዋን የሚጎትቱት ሁለት ፈረሶች ናቸው፤ በመካከሏ ላይ ለነሱ የተሠራ ጋጣ አላት። የባለጀልባው ሚስት ደግ የብራስልስ ሴት ናት። ፈረሶቹን በቦዩ ዳርቻ የሚነዳው ዣን የሚባል ግዙፍ፣ ጠጕራም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የሚተኛውም ከፈረሶቹ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ጥቂት እንበል። ፈረንሳዮቹ «ኤክሉዝ» ለሚሉት ነገር በአማርኛ የታወቀ ስም የለንም። በጋምቤላ ባሮ ላይ መርከብ ይመላለስ የነበረበትን ዘመን ካልቈጠርን ወንዞቻችን ዕቃ ተሸካሚዎች አልነበሩምና ስም አለማውጣታችን አያስወቅሰንም። እኛ «የውሃ በር» ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ይላክልን። ነገሩ በሁለት መዝጊያዎች መካከል ያለ የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባው ይገባል፤ ከኋላው ያለው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ጀልባው ከውሃው ጋር እየተነሣ ከላይኛው ቦይ ጋር ሲስተካከል የፊተኛው መዝጊያ ይከፈትለታል። መርከብ ደረጃ ሲወጣ ማለት ነው። የቡርጎኝ ቦይ 242 ኪሎ ሜትር ላይ እንዲህ ያሉ 189 በሮች አሉት፤ በአማካይ በየ1,300 ሜትሩ አንድ መሆኑ ነው። ሻርል ደ ፍሬይሲኔ የሥራ ሚኒስትር ሳለ በ1879 በወጣው ሕግ ዋና ዋናዎቹ በሮች 39 ሜትር ርዝመት፣ 5.20 ሜትር ስፋት እንዲኖራቸው ተወሰነ። የጭነት ጀልባዎቹም ወደ 250 ቶን ጭነው በዚያች ገንዳ ልክ፣ ግድግዳውን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው የሚገቡ ሆነው ተሠሩ።

ይህን ሁሉ ቍጥር የደረደርነው ሜትር ለማስጠናት አይደለም። የመጽሐፉ ሴራ ያለ ውሃው በር አይቆምም። የሽርሽሩ ያክትና የከሰሉ ጀልባ ሌላ የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር የለም፤ በሩ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ተራውን ይጠብቃል። ኮሎኔሉና ፈረስ ነጂው አንድ ዝናብ ይመታቸዋል፤ አንድ በረኛ ይከፍትላቸዋል፤ እዚያችው ካፌ ገብተው ይጠጣሉ። ከተማ ውስጥ እኮ እንዲህ አይገናኙም! ባቡር ላይ እንኳ ክፍላቸው ይለያያል። ሲምኖን ሁለት መደቦችን ፊት ለፊት ለማቆም ስብከት አላስፈለገውም፤ ገንዳው በቃው።

ሁለተኛው የገንዳው ጥቅም ሰዓት ነው። በተለመደው የምርመራ ልቦለድ መርማሪው «ከሌሊቱ በአምስት ሰዓት የት ነበርክ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ግን ሰዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ቤታቸውም ይንቀሳቀሳል። ሬሳው ዲዚ ተገኘ እንጂ በዚያች ሌሊት ዲዚ የነበሩት ጀልባዎች በማግሥቱ የሉም፤ አንዱ ወደ ላይ ሄዷል፣ ሌላው ወደ ታች። ፈረስ የሚጎትተው ቀስ ይላል፣ ባለሞተሩ ይቀድማል፣ ያክቱ ሁሉንም ያልፋል። ማን መቼ በየትኛው በር እንዳለፈ የሚያውቁት በረኞቹ ናቸው። ሜግሬም ይህን ሲገነዘብ ያንን ከባድ ገላውን ብስክሌት ላይ ጭኖ፣ ፈረሶች በሚሄዱበት የዳርቻ መንገድ ላይ በጭቃ ኪሎ ሜትሮችን ይፈጃል። ያ የፈረስ መንገድ ዛሬ በብዙ ቦታ ተስተካክሎ የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ሽርሽረኞቹ ከጀልባቸው እየወረዱ ይጋልቡበታል። ሜግሬ የጋለበው ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዝግታ ማረፊያ ሆኖ አያውቅም፤ ለፈረሱ ድካም ነው፣ ለመርማሪው ስቃይ ነው፣ ለገዳዩ ደግሞ መሸሸጊያ ነው። እግረኛ የሚቀድመውን ጀልባ ማን ይጠረጥራል?

ይህን ከሌላ ሰው ጋር ማነጻጸር ደስ ይላል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከአንድ ጓደኛው ጋር በ1876 በሁለት ታንኳ ከቤልጅግ ተነሥቶ በሰሜን ፈረንሳይ ቦይና ወንዝ ወርዶ፣ በ1878 የመጀመሪያ መጽሐፉን ስለዚሁ ጉዞ አሳተመ። ወይኑ አገር አልደረሰም፤ የጉዞው ጠባይ ግን አንድ ነው። ስቲቨንሰን የጭነት ጀልባ ሰዎችን ሲያይ ይቀናል። ቤታቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዛፍ አጠገባቸው ያልፋል፣ ምሳቸውን እየበሉ አገር ያያሉ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን ሕይወት አለ? ይላል። ቋንቋው እንዴት ይጣፍጣል! ነገር ግን ምቀኝነቱ የጎብኚ ነው። እሱና ጓደኞቹ ቆይተው ራሳቸው አንድ የጭነት ጀልባ ገዝተው፣ አሳምረው ሊኖሩባት አስበው ነበር፤ ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ጀልባዋ እዚያው ውሃ ላይ በሰበሰች። ለሽርሽር የተገዛች ጀልባ ስትበሰብስ ቀልድ ሆኖ ይጻፋል። የባለጀልባው ስትበሰብስ ግን ቤቱም እንጀራውም አብሮ ሰጠመ ማለት ነው።

ሲምኖንም ቢሆን ከላይ የወረደ አይደለም። በ1928 «ዢኔት» በምትባል ትንሽ ጀልባ ከሚስቱና ከቤት ሠራተኛቸው ጋር የፈረንሳይን ወንዞችና ቦዮች ዞሯል፤ ማንም አልላከውም፣ ራሱን አስደስቶ ነው። ልዩነቱ የጽሕፈት መኪናውን ይዞ መሄዱ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በሐሰት ስም ርካሽ ልቦለዶችን እየጻፈ በገጽ ይኖር ስለነበር፣ እየሄደ ይሠራ ነበር። ከሚሠሩ ሰዎች መካከል ሆኖ የሚሠራ ሰው የሚያየው ነገር አለ። የፈረስ ኮቴ ጭቃ ውስጥ ሲገባ፣ ገመድ ሲወጠር፣ በረኛው በሌሊት ተጠርቶ ፋኖሱን ይዞ ሲወጣ፣ የተልባ እግር የመሰለው ዝናብ በጀልባው ሸራ ላይ ሲንጠባጠብ፤ ይህን ሁሉ ቆም ብሎ ሳይገልጽ፣ መንገድ ላይ ሳለ ይነግረናል። እውነቱን ለመናገር ስለ አገሩ መልክ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሙሉ ገጽ የያዘ ገለጻ ትዝ አይለንም። ሆኖም እርጥበቱ እጃችን ላይ ይቀራል።

እስካሁን አወደስን። አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ።

ገዳዩ ፈረስ ነጂው ዣን ነው። ስሙ ዣን ዳርሻምቦ ነው፤ ዱሮ ሐኪም ነበር። ለውርስ ሲል አክስቱን ገድሎ 15 ዓመት ከባድ የጕልበት ሥራ ተፈርዶበታል። እከተልሃለሁ ብላ ቃል የገባችለት ሚስቱ ግን ቀረች። ከእስር በኋላ ሐኪሙ ሞቶ በቦታው ይህ ዝምተኛ ፍጥረት ቀረ፤ ከፈረሶች ጋር የሚኖር፣ ከፈረሶች ጋር የሚተኛ። ከዓመታት በኋላ በአንድ የውሃ በር ላይ ቀና ሲል፣ ያቺ ሚስቱ የእንግሊዛዊ ባለጸጋ እመቤት ሆና ያክት ላይ ያያታል። የቀረው ይገባችኋል። በመጨረሻም በጀልባና በድንጋይ ግድግዳ መካከል ተጨፍልቆ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይሞታል። ሜግሬም ከፖሊስነቱ ይልቅ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ይቀመጣል። ይህ ክፍል ልብ ይነካል፤ ያልተነካ ካለ እኛ አናውቀውም።

ግን እስቲ እናስብ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ፈረስ ነጂ አለ? ካፌዋ በነሱ ትሞላለች። ጋጣዎቹ የነሱ ናቸው፤ ማለዳው የነሱ ነው። ከነዚህ ሁሉ መካከል ታሪክ የተሰጠው፣ ያለፈ ሕይወት የተሰጠው፣ ፍቅርና ክህደት የተሰጠው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፈረስ ነጂ ያልነበረው ነው! ዣን ነፍስ እንዲኖረው ሐኪም ሆኖ መጀመር አስፈለገው። ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ መጽሐፍ ያነበበ፣ ከዚያ ወደ ጋጣ የወረደ። መውረዱ ነው ሰቆቃ የሆነው። እዚያው ጋጣ ውስጥ ተወልዶ እዚያው የኖረውስ? እሱ ሲተኛ ከፈረሶቹ ጋር መተኛቱ ማንንም አያስገርምም፤ ሜግሬም ማታ ማታ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ አይኑን አያይም።

አንድ ጓደኛችን በዚህ ላይ ተከራክሮናል። «የምርመራ ልቦለድ ነው፤ ምስጢር ያስፈልገዋል፤ ተራው ፈረስ ነጂ ምስጢር የለውም» ይላል። እንግዲህ ችግሩ ራሱ ይኸው ነው! ተራው ሰው ምስጢር የለውም ያለው ማን ነው? ሳንጠይቀው ነው እኮ የሌለው። ደግሞ ይህን የሲምኖን ኃጢአት ብቻ አድርገን ልናልፈው አንችልም። በዚህ ወረቀት ላይ የወጡትን ልቦለዶች ገልበጥ ገልበጥ ብናደርግ፣ ሊስትሮው የደረጃ ተማሪ የነበረ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ዘበኛው ቅኔ የተቀኘ፣ ለማኟ የባላባት ልጅ። ዝቅ ያለውን ሰው ለማክበር ስንፈልግ በድብቅ ከፍ ካለ ቤት እናስወልደዋለን። ደግነት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ንቀት ነው። ራሳችንን ብቻ ነው የምናዝንለት፤ እኛ ብንወርድ ምን እንሆን ነበር እያልን።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሟቿ ነው፤ አጠር እናድርገው። ማሪ ላምፕሰን፣ በዱሮ ስሟ ሴሊን፣ መጽሐፉ ሲከፈት ሬሳ ናት፤ ሲዘጋ የሰዎች ትዝታ ናት። ለምን እንደቀረች፣ ምን እንደፈራች፣ ያንን ጠጕራም ሰው ስታገኘው ምን እንዳለችው የሚነገረን ከሌሎች አፍና ከሜግሬ ግምት ነው። ያልተከተለች ሚስት ሆና ተፈረደባት። ሲምኖን ለገዳዩ ያሳየውን ርኅራኄ ሩቡን እንኳ ለሷ አላተረፈላትም።

ሦስተኛው ደግሞ ከቦዩ ዳር ቀና ብሎ ያለማየት ነገር ነው። ታሪኩ በሙሉ የሚካሄደው በወይን ኮረብታ ሥር ሆኖ ሳለ ወይኑ የመጋረጃ ያህል እንኳ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ያ ኮረብታ ግን ዝም ያለ ኮረብታ አልነበረም። መጽሐፉ ከመታተሙ ልክ ሃያ ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1911 እ.ኤ.አ.፣ የሻምፓኝ ወይን ገበሬዎች ተነሥተዋል። ነጋዴዎቹ ከሌላ አውራጃ ርካሽ ወይን እያስመጡ «ሻምፓኝ» ብለው ይሸጡ ስለነበር፣ የአካባቢው ገበሬ ፍሬው ዋጋ አጥቶ፣ ተከታታይ መጥፎ ምርትም ተጨምሮበት ከስሮ ነበር። የሻምፓኝን ወሰን የሚያስከብረው ደንብ ሊነሣ ነው የሚል ወሬ ከፓሪስ ሲደርስ ገበሬው ደወል ደውሎ ወጣ። በዳሜሪ፣ በዚችው በዲዚ፣ ከሁሉ ይልቅ በጎረቤቷ በአይ የነጋዴዎች ጓዳ ተሰበረ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ወይን በመንገድ ፈሰሰ። ጦር ሠራዊት ገባ። ሜግሬ በብስክሌት ሲመላለስ አይን አልፎ ነው የሚሄደው። በካፌዋ ውስጥ ያንን ሚያዝያ የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ አልነበረም ይሆን?

ልቦለድ የታሪክ መማሪያ አይደለም የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ እኛም በሌላ ጊዜ ተከራክረንበታል። ሲምኖን አንድን ዓለም፣ የውሃውን ዓለም፣ አጥሮ መያዙ ለመጽሐፉ ጥንካሬ ሰጥቶታል። ኮረብታውን ቢጨምርበት ምናልባት ይበተንበት ነበር። ሆኖም የጉብኝት ወረቀቱም ልቦለዱም ኮረብታውን ያለ ገበሬ ማሳየታቸው ገርሞናል። አንዱ ወይኑን ያሳያል፣ ሌላው ጭቃውን፤ ወይን ቆራጩ ከሁለቱም ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ መጽሐፉን አንብቡት ወይስ ተዉት? ትሉን ይሆናል። አንብቡት፤ ቢቻል ሁለት ጊዜ። አንደኛው ንባብ ገዳዩን ለማወቅ ነው፤ በሱ አትፈሩ፣ ማንም እንዲሁ ነው የሚያነበው። ሁለተኛው ግን ዝግ ብሎ፣ በየውሃው በር እየቆሙ ነው። ያን ጊዜ ስማቸው ያልያዛችሁን ሰዎች ማየት ትጀምራላችሁ፤ በዝናብ መዝጊያ የሚያሽከረክረውን በረኛ፣ ለመርማሪው ምግብ የምታቀርበውን የካፌ ሴት፣ በኮሎኔሉ ትእዛዝ ያክቱን የሚያጥበውን ቭላዲሚርን።

እኛ በሁለተኛው ንባብ ከሁሉ በላይ የቆምንባቸው እነዚያ ከገለባው ሥር ሬሳውን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ማልደው ተነሡ፣ ጋጣ ገቡ፣ ያንን አዩ፣ ተጠየቁ፣ መለሱ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ከነሱ ዞር አለ። ፈረሶቻቸው ግን በዚያን ቀንም መጠመድ ነበረባቸው፤ ጀልባው ጭነት አለበት፣ በሩ ላይ ተራ አለ። ምን ጭነው ነበር? እየነዱ ሲሄዱስ ስለዚያች ሴት ምን ተባባሉ?